የጀልባ ፕሮፔለርና የሐይቆቻችን ከፍታ

ትክል ድንጋዮቿ በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡላት የጉራጌዋ ጥያ ራሷ ሐይቅ የላትም፤ ሆኖም በሁለት ሐይቆች መካከል የተቀመጠች ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ከእርሷ ተነሥቶ ወደ ቡታጅራ የወረደና ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የዝዋይን ውሃ ያገኛል፤ ከወልቂጤ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ወሊሶ ደርሶ ወደ ተራራው የወጣ ደግሞ ወንጪን ቁልቁል ይመለከታል። ዝዋይማ ለጉራጌ ሰው ባዕድ ነው ለማለት ከቶ አይቻልም፤ ሐይቁን ከሚመግቡት ሁለት ታላላቅ ወንዞች አንዱ የሆነው መቂ ከጉራጌ ተራሮች የሚወርድ ሲሆን፣ በደሴቶቹ ላይ ከጥንት ጀምሮ የኖረው የዛይ ሕዝብ የሚናገረው ልሳንም ከስልጥኛ ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ነው።

በእነዚህ ሐይቆች ዳር፣ ይልቁንም በዝዋይ፣ ለሽርሽር የወረደ ሰው፣ ጀልባው እስኪሞላ ድረስ በሚጠብቅበት ጊዜ፣ የጀልባው ባለቤትና መካኒኩ የሚነጋገሩትን ጆሮውን ሰጥቶ ቢያዳምጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር መስማቱ አይቀርም፦

«ጋሼ፣ ይህን ሞተር አርባ ፈረስ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ፤ አሥር ሰው ስጭንበት ግን አፍንጫውን ሰቅሎ ውሃውን ያርሳል እንጂ አይሄድም።»

«ፕሮፔለሩን አይተኸዋል?»

«ፕሮፔለሩማ ደኅና ነው፣ አልተሰበረም።»

«መሰበሩን መች ጠየቅሁህ፤ ቁጥሩን ነው እንጂ።»

ወጣቱ ቁጥሩን አያውቀውም፤ በዚህም የሚፈረድበት አይደለም፤ ሞተር ሲገዛ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የፈረሱን ጉልበት ነውና፣ ከውሃው በታች ተደብቆ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ክንፍ ብረት የሚታሰበው ድንጋይ መትቶ የተጣመመ ቀን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ሐይቆች ላይ፣ ጉልበት አንሶታል የሚባለው ጀልባ ሌላ ሞተር ከሚገዛለት ይልቅ ልኩ የሆነ ፕሮፔለር ቢደረግለት ብዙ ጊዜ እንደሚበቃው፣ ምክንያቱን ከሥሩ ጀምሮ መግለጥ የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው።

ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የነገሩን ግማሽ ያየ ነው፤ ቤንዚን ያለ አየር እንደማይነድ የታወቀ ስለ ሆነ፣ የሞተር ኃይል በእውነቱ የሚወሰነው ፒስቶኑ በአንድ ምት ስቦ ሊያስገባው በሚችለው አየር ነው። ከባሕር ወለል ከፍ በተባለ መጠን አየሩ እየሳሳ ይሄዳልና፣ የጀልባ ሞተር የሚያውቁ ሰዎች በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከሞተሩ ኃይል 3 በመቶ ያህል ይቀነሳል ብለው ያሰላሉ። አሁን ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ፣ ላንጋኖ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ጣና ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ወንጪ ደግሞ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ከ2,800 ሜትር በላይ ተኝተው እንደሚገኙ ካሰብን፣ በባሕር ወለል 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ዝዋይ ሲደርስ 33 ወይም 34፣ ወንጪ ሲወጣ ደግሞ ከ30 ያነሰ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ሻጩ አልዋሸም፤ በሞተሩ ክዳን ላይ የተጻፈው ቁጥርም እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩ የተነገረው ለምጽዋ ወደብ እንጂ ለወንጪ ተራራ አልነበረም።

በዚህም ላይ የሙቀቱ ነገር ይጨመራል። ጧት በ15 ዲግሪ የነበረው አየር ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ሲደርስ ክብደቱ በ4 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ ዝዋይና ላንጋኖ ላይ ሞተሩ እጅግ የሚደክመው ልክ ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ በሚበረታበት፣ መንገደኛውም ተሰብስቦ ወደ ዳር ለመመለስ በሚጣደፍበት ሰዓት ነው። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ ሌላም በደል ይደርስበታል፤ አየሩ ሳስቶ ሳለ የቤንዚኑ ቀዳዳ በባሕር ወለል እንደ ተለካ ከቆየ ቤንዚኑ ከልክ በላይ ሆኖ ጥቁር ጢስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። በኮምፒዩተር የሚታዘዘው አዲሱ ሞተር ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ የጎደለውን አየር ግን እርሱም ቢሆን ከየትም አያመጣውም።

እንግዲህ ፕሮፔለሩ ወደዚህ ነገር የሚገባው እንዲህ ነው። ከመልካ ቁንጥሬ ድልድይ ተነሥቶ ሲሚንቶ እስከ አፉ ጭኖ ወደ ጥያ የሚወጣ አይሱዙ፣ ሾፌሩ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ካልመለሰለት በቀር፣ ሞተሩ እያጓራ ዙሩ እየወረደ ሄዶ በመጨረሻው መቆሙ ነው፤ ይህን ማንም ረዳት ያውቀዋል። የጀልባ ሞተር ግን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ፎሌ ብቻ እንጂ ሌላ ማርሽ የለውም፤ የማርሹን ሥራ የሚሠራው ፕሮፔለሩ ነው፤ ስለዚህ በፋብሪካ የተገጠመለት ፕሮፔለር በባሕር ወለል ላይ ቀላል ጀልባ ለሚገፋ ሞተር የተመረጠ ከሆነ፣ ያ ጀልባ በዝዋይ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ዳገትን በአራተኛ ማርሽ ሲወጣ ይኖራል።

ፕሮፔለሩን ከሞተሩ አውርዶ በእጁ ላይ ያገላበጠ ሰው፣ በእምብርቱ ወይም በአንዱ ክንፍ ሥር ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸው ያገኛል፤ ለምሳሌ 11 እና 13 የሚሉ። ፊተኛው ቁጥር የክንፎቹ ጫፍ ሲዞር የሚሠራው ክብ ስፋት፣ ማለት ዳያሜትሩ ነው፤ ሁለተኛው ፒች የሚባለው ነው፣ ይህም ውሃው እንደ ሰም የጠጠረ ቢሆን ኖሮ ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት ነው፤ ሁለቱም የሚለኩት በኢንች ነው። ፒቹ ትልቅ የሆነ ፕሮፔለር በአንድ ዙር ብዙ ለመሄድ የሚመኝ በመሆኑ በእያንዳንዱ ዙር ከሞተሩ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ፒቹ ትንሽ የሆነው ግን በጥቂት ጉልበት ቶሎ ቶሎ ይዞራል። ክንፉን ከጎን ሲያዩት ልዩነቱ ለዐይን ይታያል፤ ባለ 9 ኢንቹ ለጥ ያለ፣ ባለ 15ቱ ቀና ብሎ የተጠመዘዘ ነው።

ይህ ነገር ለፈልሳፊዎቹም ቢሆን የተገለጠላቸው በአጋጣሚ ነው። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ በ1836 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው ፕሮፔለሩ ከእንጨት የተሠራና ሁለት ሙሉ ዙር የተጠመዘዘ ረዥም ነገር ነበረ፤ በዚያው ዓመት ስዊድናዊው ጆን ኤሪክሰንም የራሱን መብት አውጥቶ ነበር። የስሚዝ ጀልባ በ1837 በለንደን ቦይ ላይ ስትሞከር ጠመዝማዛው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ግማሹ ተሰብሮ ወደቀ፤ ጀልባዋም በዚያ ምክንያት ትቆማለች ሲባል እንዲያውም ከፊተኛው ይልቅ ፈጥና ሄደች። ትንሿ ሞተር ከአቅሟ በላይ የተጫነው ቀንበር ስለ ቀለለላት ነው። ከዚያ በኋላ በ1845 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ጉልበታቸው ተቀራራቢ የሆነ ሁለት መርከቦችን፣ ፕሮፔለር ያላትን ራትለርንና በጎን መንኰራኵር የምትሄደውን አሌክቶን፣ ጀርባ ለጀርባ አስሮ ባጓተታቸው ጊዜ ራትለር ባላጋራዋን በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እየጎተተች ወሰደቻት፤ የመንኰራኵሩም ዘመን ከዚያ ወዲያ እያዘቀዘቀ ሄደ።

በእኛም አገር መንኰራኵር ተሞክሯል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ በእስር የነበረው ሐኪም ሄንሪ ብላንክ እንደ ጻፈው፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1866 እ.ኤ.አ. ገደማ በጣና ዳር ከደንገል ታላላቅ ታንኳዎች አሠርተው፣ በእንጨት ወለል ላይ በሰው እጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጥመውላቸው ነበር። አሳቡ ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ እንዲያውም የእንፋሎት መርከብን በወሬ ብቻ ለሚያውቅ ሠራተኛ ታላቅ ድፍረት ነው፤ ነገር ግን ብርቱ ሰው ሳያርፍ በሚሠራበት ጊዜ የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ፈረስ ጉልበት ከአሥር አንዱ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ውሃ የጠጣ የደንገል ክምር በዚያ ኃይል ሊፈጥን አይችልም ነበር። ጉልበት ያነሳቸው ጀልባዎች ታሪክ በአገራችን ከዚያ ይጀምራል ብል ብዙ አልሳሳትም።

ወደ ዝዋዩ ወጣት እንመለስ። ፕሮፔለሩ ለሞተሩ መክበዱን ወይም መቅለሉን የሚያሳየው መሣሪያ ዙር ቆጣሪው ነው። እያንዳንዱ ሞተር ነዳጁ እስከ መጨረሻው ሲከፈትለት ሊደርስበት የሚገባው የዙር ክልል በመመሪያ መጽሐፉ ተጽፎ ይገኛል፤ ለብዙዎቹ መካከለኛ ባለ አራት ምት ሞተሮች ይህ ክልል በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ነው። ፈተናው ውሃው ጸጥ ባለበት ጧት፣ ጀልባው በዘወትር ጭነቱ፣ ሰውም ነዳጅም ሳይጎድልበት መደረግ አለበት፤ ባለቤቱ ብቻውን ተቀምጦ የሚያደርገው ፈተና ራስን ማታለል ነው። ጀልባው ዙር ቆጣሪ ከሌለው፣ በካንዴላው ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ ይገኛል። በዚህ ሁኔታ ሞተሩ 4,800 ላይ ቆሞ አልወጣም ካለ፣ ፕሮፔለሩ ከብዶታል።

ምን ያህል ይቀነስለት? ልማዱ፣ ከፒቹ አንድ ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል የሚል ነው። ስለዚህ 4,800 የሚዞረውን ወደ 5,400 ለማድረስ ሦስት ኢንች ያህል መቀነስ ያስፈልጋል፤ ባለ 13 የነበረው ባለ 10 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ፒቹ ከተቀነሰ ፍጥነቱም ይቀነሳል» ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ መሆኑን ሒሳቡ ያስረዳል። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ 5,400 ዙር ለፕሮፔለሩ 2,700 ነው፤ ባለ 10 ኢንቹ በአንድ ዙር 25.4 ሳንቲ ሜትር ስለሚሄድ፣ ውሃው ቢጠጥር ኖሮ በሰዓት 41 ኪሎ ሜትር በተጓዘ ነበር። ውሃ ግን ይሸሻል፤ ቀላል ጀልባ በውሃው ገጽ ላይ ተንሳፎ ሲከንፍ ከዚህ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይባክናል፤ ከባድ ሆኖ ውሃውን እየሰነጠቀ የሚሄደው ደግሞ ግማሹን ሊያባክን ይችላል። የአሥር ሰዎቹ ጀልባ ባለ 13 ፒች ይዞ አፍንጫውን ሰቅሎ ሲያርስ በወረቀት ላይ ያለው ፍጥነት ከፍተኛ ነው፣ በውሃው ላይ ግን ከቅዝፊያ የማይሻል ነው፤ ባለ 10ሩ ከውሃው አውጥቶ ካስቀመጠው ግን ያው ሞተር ያንኑ ጭነት ይዞ እጥፍ ሊፈጥን ይችላል።

ከፍጥነቱም በላይ የሞተሩ ጤና አለ። ጀልባ ነጂዎች ዝቅተኛ ድምፅ ሲሰሙ ሞተሩን ያሳረፉት ይመስላቸዋል፤ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ዙሩ ግን ዝቅ ያለ ሞተር ዕረፍት ላይ ሳይሆን በጭንቀት ላይ ነው፤ ሙቀቱ ይበረታል፤ ጥላሸቱ በፒስቶኑ ላይ ይከመራል፤ ነዳጁ ያለ ጊዜው እየፈነዳ ብረቱን ይቀጠቅጣል።

ከፒች ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ዳያሜትር ነው፤ ስለ እርሱ ግን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በፕሮፔለሩ ዘንግና ከበላዩ ባለው ጠፍጣፋ ሳህን መካከል ያለው ቦታ ራሱ ይወስነዋልና። ለከባድና ለዝግተኛ ጀልባ ሰፊው ይመረጣል፤ ብዙ ውሃ በቀስታ መግፋት ጥቂት ውሃ በችኰላ ከመግፋት ይበልጣል፤ ለዚሁ ሲባል ሰፊ ፕሮፔለር በዝግታ እንዲያዞሩ ማርሻቸው የተለየ ሞተሮችም ይሠራሉ። አራተኛ ክንፍ መጨመርም ለደካማ ሞተር መልካም ነው፤ ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፣ በማዕበልና በመዞሪያ ላይ አይሸሽም፤ ለተጨመረው ክንፍ ግን ከፒቹ አንድ ኢንች ያህል መቀነስ የተለመደ ነው።

በብረቱ ዓይነት ላይ ሐይቅ ከሐይቅ ይለያል። ዝዋይ ሰፊ ሆኖ ሳለ አማካይ ጥልቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ መቂ በክረምት የሚያመጣው ደለል የክንፉን ጠርዝ እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ በዳርቻው ያለው ሣርና የዓሣ መረብ ይጠመጠምበታል፤ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ከአክሱም ተሰዳ አርፋበታለች ተብሎ በትውፊት ወደሚነገርለት ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ለመሻገር የሚሳፈረው ምእመን ብዙ ነውና ጀልባው ባዶውን የሚሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለእንዲህ ያለው ቦታ አሉሚኒየም ይሻላል ባይ ነኝ። አይዝጌው ብረት ቀጭንና ጽኑ ስለ ሆነ በኃይል ሲገፋ አይለመጥም፣ በጥልቅ ውሃም ይበልጣል፤ ድንጋይ ሲመታ ግን ጉዳቱን ወደ ውስጠኛው ማርሽ ሊያሳልፈው ይችላል፤ አሉሚኒየሙ ራሱ ተጣሞ ማርሹን ያተርፋል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ወንጪ በተቃራኒው ጥልቅ ነው፤ ወደ ቂርቆስ ገዳም የሚሻገረው ጀልባም መንገዱ አጭር ነው፤ እዚያ የሚያስቸግረው የአየሩ መሳሳት ብቻ በመሆኑ፣ ከዝዋዩ ሌላ ሁለት ኢንች ያህል ፒች መቀነስ ያስፈልግ ይሆናል እንጂ ውድ ብረት አያስፈልግም። በዚያ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ በፈጣን ክንፍ ጀርባ ውሃው በግፊት ማነስ ብቻ ወደ እንፋሎትነት ተለውጦ ብረቱን የሚቦረቡርበት ሁኔታም ከባሕር ወለል ይልቅ ቀድሞ ይመጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ፕሮፔለርን አለ ልክ ማሽከርከር እዚያ መፍትሔ አይሆንም።

ፒቹን አብዝቶ የቀነሰ ሰውም ሌላ ጥፋት ላይ ይወድቃል። አሥሩ ሰዎች ደሴቱ ላይ ሲወርዱና ጀልባው ባዶውን ሲመለስ፣ ያ ቀላል ፕሮፔለር ሞተሩን ከ6,000 በላይ እንዲዞር ይፈቅድለታል፤ አዲሱ ሞተር ራሱን ይቈርጣል፣ አሮጌው ግን እስኪሰበር ድረስ ይዞራል። ነጂው ጀልባው ሲቀል ነዳጁን መቀነስ ከለመደ አንዱ ፕሮፔለር ይበቃዋል፤ ይህን የማያደርግ ከሆነ ሁለት መያዝ ይገባዋል።

ሰው ይህን ሁሉ ከማድረጉ በፊት ግን የጀልባውን ሆድ ገልብጦ ማየት አለበት። ለብዙ ወር ውሃ ውስጥ የቆየ ጀልባ ሆዱ አረንጓዴ አተላ ለብሶ፣ በወለሉ ሥር የገባው ውሃም የሁለት ሰው ክብደት ጨምሮበት ሊገኝ ይችላል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ እንደ ሆነም ፕሮፔለሩ ከላይ አየር እየሳበ በከንቱ ይሽከረከራል፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር ትክክል መሆን አለበት። ይህ ምንም ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው ከሁሉ በኋላ ነው።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው አሮጌውን ፕሮፔለር ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል፤ የሞተሩን ስምና የፈረሱን ጉልበት መናገር ብቻ አይበቃም፤ በእምብርቱ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ቍጥር ከዘንጉ ጋር መግጠም አለበት፤ ክንፉም ወደ ቀኝ የሚዞር መሆኑ መታየት አለበት። በእምብርቱ ውስጥ ከነሐሱ ቱቦ ጋር የታመቀውን ጎማም በጣት ነክቶ ማየት ይገባል፤ ጎማው ከተላቀቀ ሞተሩ እየጮኸ ፕሮፔለሩ አይዞርም፤ ብዙ ሰውም ይህን የማርሽ ብልሽት አድርጎ ያስበዋል። መግጠሙ ቀላል ነው፤ ዘንጉ ግራሶ ይቀባል፣ ግፊቱን የሚቀበለው ሮንዴላ በቦታው ይገባል፣ ፕሮፔለሩ ይሰካል፣ ዳዶው ይጠብቃል፣ መቆለፊያው ሽቦ ገብቶ ይታጠፋል። የካንዴላው ገመድ ግን አስቀድሞ መነቀል አለበት፤ ሞተሩ ድንገት ቢነሣ ክንፉ እጅ ይቈርጣልና። አሮጌው ፕሮፔለር ካልተሰበረ በጀልባው ውስጥ ከመፍቻ፣ ከአንድ ትርፍ ዳዶና ከመቆለፊያ ሽቦ ጋር በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ዝዋይ ላይ መረብ የጠለፈውን ፕሮፔለር ለመለወጥ ወደ ዳር ተጠግቶና ወርዶ ወገብ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ መሥራት ይቻላል፣ ወንጪ ላይ ግን እግር የሚያሳርፍ የለምና ሞተሩን ወደ ላይ አዘንብሎ ከጀልባው ጫፍ ላይ ተኝቶ መሥራት ግዴታ ነው።